ጆ ኦሊቨርን «የአርምስትሮንግ አስተማሪ» ብሎ ማለፍ ይብቃን

የጃዝ ነፊውን ሉዊ አርምስትሮንግን የማያውቅ የለም። ያ ሻካራ ድምፅ፣ ያ ነጭ መሐረብ፣ ያ ጥርሱን ሁሉ የሚያሳየው ሳቅ። ጆ ኦሊቨር ሲባል ግን አብዛኛው ሰው «እሱ ደግሞ ማነው?» ይላል። የሚያውቀውም ቢሆን «አዎ፣ የአርምስትሮንግ አስተማሪ» ብሎ ያልፈዋል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ሰውየው «ኪንግ» የተባለው እኮ ገና አርምስትሮንግን ዓለም ሳያውቀው ነው።

ኦሊቨር የሚነፋው ኮርኔት ነበር። የትራምፔት ታናሽ እህት በሏት፤ አጠር ያለች፣ ድምፅዋም ለስለስ ያለ። የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ነፊዎች ማን ይበልጥ ይጮኻል እያሉ ሲፎካከሩ፣ እሱ የኮርኔቷን አፍ መክደን ላይ ተራቀቀ። ብርጭቆ፣ ጠርሙስ፣ ባርኔጣ፣ የተደፈነ ቱቦ መክፈቻ ላስቲክ ሳይቀር፣ ያገኘውን ሁሉ አፏ ላይ ከፈት ዘጋ እያደረገ ያስለቅሳታል፣ ያስወራታል። በጆሮ ማዳመጫ ሆናችሁ ስሙት። ሰው የሚያጉረመርም ነው የሚመስለው።

አርምስትሮንግ ያኔ የሰፈር ልጅ ነው። ለኦሊቨር ሚስት ይላላካል፣ በምትኩ ኦሊቨር ያስተምረዋል፤ አንዴ የራሱን አሮጌ ኮርኔት ሰጥቶታል። ልጁም «ፓፓ ጆ» ነበር የሚለው። ኦሊቨር በ1918 ወደ ቺካጎ ሲሄድ ባንዱ ውስጥ የተወውን ቦታ የያዘው ይሄው ልጅ ነው። በ1922 ደግሞ ቴሌግራም ልኮ ወደ ቺካጎ አስጠራው። ሊንከን ጋርደንስ በሚባለው የዳንስ አዳራሽ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ነገር ድንገት ሲነፉ ሕዝቡ ያብድ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። ኦሊቨር ቀጥሎ የሚነፋውን በጣቶቹ ቫልቩ ላይ ቀድሞ ያሳየዋል፣ ልጁ ወዲያው ይይዛል።

ከዚያ ኤፕሪል 1923 መጣ። ሪችመንድ፣ ኢንዲያና፤ ጀኔት የሚባል የሸክላ ቀራጭ ኩባንያ ስቱዲዮ። ስቱዲዮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበር ባቡር ሲያልፍ ቀረጻው ይቆማል። ማይክራፎን የለም። ሁሉም አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ ፊት ተኮልኩሎ ይነፋል። አርምስትሮንግ ግን ድምፁ ሌላውን ሁሉ እየዋጠ ስላስቸገረ ከሌሎቹ ርቆ፣ ከኋላ እንዲቆም ተደረገ። የባንዱ ፒያኖ ተጫዋች ሊል ሃርዲን ልጁ እዚያ ብቻውን ሲቆም እንዳዘነ ታስታውሳለች። በኋላ አገባችው።

ሊል ሌላም ያወራችው ነገር አለ። ኦሊቨር «ሉዊ እኔ ጋ እስካለ ድረስ ሊበልጠኝ አይችልም» ብሏታል። ተንኮል ነው? ትንሽ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ልጁ እንደሚበልጠው በጆሮው እየሰማ ራሱ ጠርቶ ከጎኑ ያቆመ ሰው ነው። ቅዱስ አላልኩትም። ስንቱ ባለሙያ ነው ግን ይህን የሚደፍረው?

አርምስትሮንግ በሚስቱ ጉትጎታ በ1924 ተለየው። በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ውስጥ ከፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ጋር የኦሊቨር ባንድ የተጫወተውን «ዲፐርማውዝ ብሉዝ»ን በሌላ ስም ሲቀርጹት፣ ሶሎው ላይ፣ ብቻውን በሚነፋበት ቦታ፣ ምን ነፋ? የኦሊቨርን ሶሎ። ተማሪው እንኳ አልለወጠውም።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። በ1927 ኮተን ክለብ የሚባለው የኒው ዮርክ የምሽት ክበብ ለኦሊቨር ሥራ አቀረበለት፤ ክፍያው አነሰኝ አለ። ቦታውን ሌላው ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ወሰደና በሬዲዮ አገር ምድሩ አወቀው። ከዚያ ወዲህ የኦሊቨርን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ «ስግብግብነት ጣለው» ይላል። እኔ አልቀበለውም። ስሙ የገነነ ባንድ መሪ ዋጋ መደራደሩ ምኑ ነው ስግብግብነት? የጣለውስ ድዱ ነው። ስኳር በዳቦ ነፍሱ ነበር፣ በዚያ ላይ የድድ በሽታ፤ ጥርሶቹ ተነቃነቁ፣ ከዚያ ረገፉ። ጥርስ የሌለው ነፊ ማለት እጅ የሌለው አናጺ ማለት ነው። በ1929 እና 1930 በስሙ በወጡ ብዙ ሸክላዎች ላይ ሶሎውን የሚነፉት ሌሎች ናቸው። ቺካጎ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብም ባንኩ ሲወድቅ አብሮ ሄደ።

መጨረሻ ላይ ሳቫና፣ ጆርጂያ ቀረ። ፑል ቤት ይጠርግ ነበር። ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ወደ ኒው ዮርክ ለመመለሻ ትኬት እያጠራቀመ እንደሆነ ይነግራታል፤ ያጠራቀመው 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። ኒው ዮርክ የገባው በ1938 አስከሬኑ ነው፤ እህቱ ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን ከፍላ አመጣችው።

ከዚያ አንድ ዓመት በፊት አርምስትሮንግ ከባንዱ ጋር ሳቫና ሄዶ ነበር። ፓፓ ጆን አንዲት ትንሽ የአትክልት መሸጫ መደብ ላይ ቆሞ አገኘው። እሱና የባንዱ ልጆች ከኪሳቸው ያላቸውን ሰጡት። ማታ ዳንሱ ላይ ዞር ሲሉ ኦሊቨር ከመድረኩ ጎን ቆሟል። በቀን የሰጡትን ይዞ በቀጥታ መያዣ ቤት ሄዶ ልብሶቹን አስለቅቋል፤ ኮቱን ግጥም አድርጎ፣ ባለ ቁልፍ ጫማውን ተጫምቶ፣ ስቴትሰን ባርኔጣውን ዘንበል አድርጎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዳምጣቸው አመሸ።