ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

ለአባ ቸኮል ጭብጨባ ይገባቸዋል። ቆማችሁ ብታጨበጭቡላቸውም አይበዛባቸውም።

አባ ቸኮልን የማታውቁ ካላችሁ የጥምቀት ሰሞን ወጣ በሉ። አንድ ሰው ብቻ አይደሉም፤ በየከተማው ዳር አሉ። ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ። ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የዘመናችን ጀግኖች ያለ ፈረስ ስም መቅረት የለባቸውም ብዬ ይህችን እኔው አወጣሁላቸው።

አባ ቸኮል ቅዳሜ ገበያ ይወርዳሉ። አንድ ዳማ ግልገል ፈረስ ዓይናቸው ይገባል። ሻጩ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያሳያቸዋል። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን መቀየር የሚጀምረው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፤ አፉ በቋሚ ጥርስ የሚሞላው ደግሞ በ5 ዓመቱ። ይኼኛው ገና አንዱንም አልቀየረም። አባ ቸኮል ጎንበስ ብለው አዩና «ጥርሱ ሲያምር!» አሉ። ከፈሉ። እሑድ ጠዋት ኮርቻ ጫኑ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ሌላ ምን ይጠበቃል?

የፈረስ አጥንት ሁሉ እኩል አይጠናም። የእግሩ ቀድሞ ይጠናል፣ የጀርባው መጨረሻ ላይ ነው። 5 ዓመት ካለፈው በኋላ ማለት ነው። እኛ ደግሞ የምንቀመጠው እዚያችው ያላለቀችው ቦታ ላይ ነው። ታዲያ አባ ቸኮል እስከዚያ ቆመው ይጠብቁ? ጀርባው የቀረውን እሳቸውን ተሸክሞ ይጨርስ።

ብቻቸውን እንዳይመስሏችሁ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ ልደቱ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን ነው። ሜይ ላይ ቢወለድም ጃንዋሪ ሲገባ «አንድ ዓመት ሞላህ» ይሉታል። በሁለት ዓመቱ ውድድር ይገባል። ስመ ጥሩው የአሜሪካ የኬንታኪ ደርቢ የ3 ዓመት ፈረሶች ውድድር ነው። ስለዚህ አባ ቸኮል ዓለም አቀፍ ደረጃቸውን የጠበቁ ሰው ናቸው።

በሌላ በኩል አንዳንድ ሥራ ፈቶች አሉ። ፈረስ ገዝተው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት፣ ሳይወጡበት የሚቀመጡ። ምን እንደሚሠሩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። በገመድ ይዘውት ይሄዳሉ። ይቆማሉ። እሱም ሲቆም ዝም ብለው አብረውት ይቆማሉ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እንዲል ገመዱን ሳብ ያደርጉና፣ ገና እግሩን ሲያነሳ ያላሉለታል። የሚማረው ሲጎተት ሳይሆን ሲላላለት ነው ይላሉ። እና አለንጋ ለምን ተሠራ?

በዚህ አያበቁም። ጋቢ ያመጣሉ። መጀመሪያ ለፈረሱ ያስሸትቱታል፣ ቀጥሎ አንገቱን ያሹበታል፣ ቀስ ብለው ጀርባው ላይ ጣል ያደርጉታል። ሲደነግጥ አይቆጡም። እንደገና። ከዚያ በሌላው ጎን ዞረው ያንኑ ከሀ ይጀምራሉ፤ ፈረስ በግራ ዓይኑ የለመደውን በቀኝ ዓይኑ ሲያየው እንደ አዲስ ሊደነግጥ ይችላላ! እግሩን አንድ በአንድ ያነሳሉ። በረጅም ገመድ በዙሪያቸው ያስኬዱታል፣ በሶምሶማ ያዞሩታል፣ በቃል ያቆሙታል። ባዶ ኮርቻ ጭነው ብቻውን ያንሸራሽሩታል። ከኋላው ሆነው በረጅም ዛብ ይነዱታል፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም። ይኼ ሁሉ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ፈረሱ ሳይሰለቸው ያቆማሉ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ሲልስ «ገባው» ብለው ደስ ይላቸዋል። ለዚህ ደስታ ላይቭ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም።

ይባስ ብሎ ነገሩ የቆየ ነው። ኪኩሊ የሚባል ሚታኒ ከተባለው ጥንታዊ መንግሥት የመጣ ሰው፣ ከ3,000 ዓመት በላይ ይሆነዋል፣ ለኬጢያውያን የሰረገላ ፈረስ ማሠልጠኛ በሸክላ ጽላት ላይ አስጽፎ ነበር። የ214 ቀን መርሐ ግብር ነው። ቀን በቀን፣ ምግቡ፣ ውኃው፣ ርቀቱ ሳይቀር። 214! አባ ቸኮል በዚህ ጊዜ ሦስት ፈረስ ይጨርሳሉ።

ጥምቀት ደረሰ እንበል። ዳማው ተሸልሟል። መንጋጋውን በብረት ቀለበት የሚይዘው ልጓም አፉ ውስጥ ገብቷል። አባ ቸኮል ካባ ደርበው ወጡ። ከበሮው ሲመታ ፈረሱ ዘለለ። እልልታው ሲቀልጥ በጎኑ ሄደ። «ምን ዓይነት ሃይማኖት የሌለው ፈረስ ነው!» አሉ አንዲት እናት። እሳቸው ዛቡን በሁለት እጃቸው ጎተቱ፣ በተረከዛቸው ደግሞ ጎኑን መቱት። ቁምም ሂድም በአንድ ጊዜ። አንዱ ወጣት ሊያግዝ ብሎ ፈረሱ በማያየው በኩል፣ በቀጥታ ከኋላ፣ መቀመጫውን ቸብ አደረገለት። ስልኮች ወጡ። ዣንጥላ ሻጩ ከነዣንጥላው ቦይ ገባ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የአባ ቸኮል ፈረስ ግን ይዋጋል፣ ያውም ከጌታው ጋር።

ቪዲዮውን አይታችሁት ይሆናል። «ጀግና!» የሚል አስተያየት ተደርድሮበታል። ሲወድቁ የሚያሳየው ክፍል ተቆርጧል።

እነዚያ ሥራ ፈቶች ግን በዓሉ የት እንደሚያምር ያውቃሉ። ጥር 23 እንጅባራ ሂዱና የአገው ፈረሰኞችን እዩ። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ፈረሱ በፈረስ መሐል፣ በሕዝብ መሐል፣ በጩኸት መሐል ይቆማል። ቅዳሜ ተገዝቶ እሑድ የተጫነ ፈረስ ለዚያ አይበቃም። ለነገሩ ዝም ብሎ የቆመ ፈረስ ምኑ ይቀረጻል?

አባ ቸኮልን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። ክንዳቸው በጀሶ ታስሯል፣ ወኔያቸው ሙሉ ነው። «ፈረሱ ክፉ ነው፣ ዘሩ ነው» አሉኝ። በተገዛበት ዋጋ ግማሽ ለጋሪ ነጂ ሸጠውታል። ጋሪ ነጂውም የቸኮለ ሰው ነው፣ በማግስቱ ጠምዶታል።

ስወጣ ስልካቸው ጠራ። ደላላው ነበር። ነጭ አምባላይ ተገኝቷል፣ ግን ገና ከእናቱ ጋር ነው፣ ይጠባል። አባ ቸኮል ጥቂት አሰቡ።

«ለመስቀል ይደርሳል?» አሉት።