ፔል ግራንት እስከ ምረቃ አያደርስም

«አሜሪካ ውስጥ ለላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ ለሆነ) ተማሪዎች መንግሥት ሁሉን ይከፍልላቸዋል፤ ኮሌጅ የሚያቋርጡት ትምህርቱ ስለሚከብዳቸው ነው» ብለሃል። ወንድሜ፣ ይሄ በብዙ ሰው አፍ ያለ ስህተት ነው።

ፔል ግራንት የሚባለው፣ የፌዴራል መንግሥቱ ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ ድጎማ፣ የሚሰጠው የቤተሰብ ገቢ ታይቶ እንጂ በዘር አይደለም። በ2024–25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (ክፍያቸው ዝቅ ያለ የአካባቢ የመንግሥት ኮሌጆች) ለትምህርት ክፍያው ይበቃል። የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና ቤንዚኑንስ ማን ይክፈል? ተማሪው ሥራ ይገባል። የሥራ ሰዓት ሲበዛ ኮርስ ይቀንሳል፤ ኮርስ ሲቀንስ ግራንቱም አብሮ ይቀንሳል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፋፍሳ የሚባለው የእርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ደግሞ በየዓመቱ ካልተሞላ፣ ወይም ውጤት ኮሌጁ ከሚጠይቀው በታች ከወረደ፣ እርዳታው ይቆማል። ያን ውጤት ያወረደው የሌሊት ፈረቃ መሆኑን ግን ማንም አይጠይቅም።

ገንዘብ ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ ተፈትኖ ታይቷል። በዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚማሩ የፔል ተቀባዮች መካከል ተጨማሪ ድጎማ በዕጣ የደረሳቸው፣ ካልደረሳቸው በተሻለ መጠን በአራት ዓመት ተመርቀዋል። ጥናቱ ላቲኖዎችን ብቻ የተመለከተ አልነበረም፤ የኪስ ነገር ግን ለማንም ያው ነው።

«ወላጆቹ የመኖሪያ ወረቀት ከሌላቸው ልጁም አያገኝም» ያልከውም ልክ አይደለም። ልጁ ዜጋ ከሆነ የወላጆቹ ሁኔታ ከፌዴራል እርዳታ አያግደውም። የሚከለከለው ራሱ ወረቀት የሌለው ተማሪ ነው፤ ለእሱም ካሊፎርኒያ በ2011 ባወጣችው ሕግ የግዛቱን እርዳታ ፈቅዳለታለች።