ኤክስቼንጅ ያገኘ ተማሪ ለምን ዓመት ይከስራል?

ሀዋሳ ላይ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር ስላንገበገበኝ ነው የምጽፈው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ተወዳድሮ የአንድ ሴሚስተር ኤክስቼንጅ (ውጭ ተምሮ የመመለስ ዕድል) አግኝቷል፣ አውሮፓ ያለው ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎታል። ሳይሄድ ሲቀር ሰው ሁሉ «ቪዛ ከልክለውት ነው» ይላል። ቪዛ እኮ የመጨረሻው በር ነው! ስንቱ ልጅ እዚያ ሳይደርስ እዚሁ ግቢ ውስጥ በአንድ ፊርማ ይቀራል። የሄደውም ሲመለስ ዓመቱን ይበሉታል።

ጣጣው የሚጀምረው ከሌርኒንግ አግሪመንት ነው። ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚፈርሙበት ወረቀት ነው፤ ሁለት ሰንጠረዥ አለው። አንደኛው እዚያ የሚወሰዱትን ኮርሶች ይዘረዝራል፣ ሁለተኛው እነዚያ ኮርሶች እዚህ የትኞቹን እንደሚተኩ ይናገራል። መከራው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ «የኮርሱን ዝርዝር ይዘት አምጣ» ይላሉ። ይመጣል። «በካውንስል መታየት አለበት» ይባላል። የፈተና ሰሞን ነው፣ ካውንስሉ አይሰበሰብም። ዴድላይኑ ሊያልፍ ሲል ሰንጠረዡ ባዶውን «ስትመለስ እናየዋለን» ተብሎ ይፈረማል። ዓመት የምትበላው ይህቺ «ስትመለስ እናየዋለን» ናት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ ጋ ኮርስ የሚሰጠው በባች፣ ማለትም አብሮ ለገባው ተማሪ በአንድ ላይ ነው። የሦስተኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ኮርስ ያመለጠው ልጅ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አያገኘውም፤ ከኋላው ያለው ባች እስኪደርስ ይጠብቃል። ኮርሱ ፕሪሪኩዚት (ሌላ ኮርስ ለመውሰድ መቅደም ያለበት) ከሆነ ደግሞ ተከታዮቹም አብረው ይቆለፋሉ። እናም እዚያ 30 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ)፣ ማለትም የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት ጨርሶ የመጣ ተማሪ፣ አንዲት ባለ 5 ኢሲቲኤስ ኮርስ ስላልተተካችለት ብቻ ጓደኞቹ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ ቆሞ ያያል። የእኛ ካሪኩለሞች ባለ 3 ክሬዲት አወር ኮርስን አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ብለው ጽፈውታል። መለኪያው አንድ ከሆነ «አይመጣጠንም» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? የኮርስ ስም ቃል በቃል እንዲገጥም መፈለግ የትም አያደርስም። ይዘቱ ይታይ፣ ተማሪው ጨርሶ ሲወጣ ምን ያውቃል የሚለው ይታይ።

በኢራስመስ፣ በአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም፣ ለሚሄድ ተማሪ ደግሞ ይህ የማንም በጎ ፈቃድ አይደለም። ሌርኒንግ አግሪመንት ላይ የሰፈረና ተማሪው ያለፈው ክሬዲት በሙሉ እንዲያዝለት ዩኒቨርሲቲዎቹ ግዴታ ገብተዋል። ተቀባዩም ውጤት ከወጣ በኋላ በ5 ሳምንት ውስጥ ትራንስክሪፕት መስጠት አለበት። ይህን ለተማሪው ቁጭ አድርጎ የሚነግረው ሰው የለም፤ እሱም መብቱን ሳያውቅ እንደ ለማኝ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል።

ሬጅስትራር ሌላው ነው። «በኤክስቼንጅ ላይ ይገኛል» የሚል ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ካልገባ፣ ሲስተሙ ልጁን የሚያውቀው ሳይመዘገብ እንደጠፋ ተማሪ ነው። አንዳንዱ ለማገዝ ብሎ «ለጊዜው ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሙላና ሂድ» ይላል። እባካችሁ ይህን ምክር አትስጡ፣ እናንተም አትቀበሉ። ዊዝድሮዋል የሞላ ተማሪ ሲመለስ ሪአድሚሽን፣ ማለትም እንደገና መግባት፣ መጠየቅ አለበት፤ በዚያ ላይ አቋርጧል በተባለበት ሴሚስተር የውጭ ውጤቱ ምን ላይ ይመዝገብለት? የጊዜውም ነገር አለ። የጀርመን ዊንተር (የብርድ ወራት) ሴሚስተር ጥቅምት አካባቢ ትምህርት ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻና የካቲት ይዘልቃል፣ የእኛ ካላንደር ደግሞ እንደየዓመቱ ይንሸራተታል። ዘግይቶ እንዲመዘገብ የሚፈቅድ ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተያዘለት፣ ልጁ ሻንጣውን ሳያራግፍ ምዝገባ ተዘግቷል ይባላል።

ስምና ልደትም ያቃጥላል። ትራንስክሪፕቱ ላይ የአያት ስም በአንድ ፊደል ያጥራል፣ ፓስፖርቱ ላይ ሙሉ ነው። መስከረም 1 ቀን 1996 የተወለደን ልጅ አንዱ ጸሐፊ በልማድ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ይጽፈዋል፤ በዚያ ዓመት ግን መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ሰው ያስመስላል። ይህ እርማት ትምህርት ላይ እያሉ፣ ከማመልከቻው በፊት ነው መጠየቅ ያለበት። ኢምባሲ ደጃፍ ላይ ከታየ አለቀ፤ ኢምባሲው አዲስ አበባ ነው፣ ከሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል። ለአንድ ማህተም ተመልሶ መምጣት ማለት ትራንስፖርትና አልጋ ነው፣ የቀጠሮው ቀንም ይቃጠላል።

ቪዛውን በአጭሩ ልበል። ሴሚስተር ከ90 ቀን ይበልጣል፣ ስለዚህ የአጭር ጊዜውን ሼንገን አትሙሉ፤ የሚያስፈልገው የረጅም ጊዜው፣ ዲ የሚባለው ነው። ለጀርመን ክፍያው 75 ዩሮ ነው። ለኑሮ የሚበቃ ገንዘብ እንዳላችሁ ማሳያው እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ወዲህ በወር 992 ዩሮ ሆኗል። የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ብሎክድ አካውንትን (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበትን የባንክ ሂሳብ) ሊተካ ይችላል፣ ግን በወር ስንት እንደሚከፈልና ለስንት ወር እንደሆነ በቁጥር ይጻፍበት። ከ992 ካነሰ የጎደለውን ከየት እንደምታመጡ ማሳየት አለባችሁ።

የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። አጋር ዩኒቨርሲቲው ይታወቃል፣ የኮርሶቹም ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ተቀምጧል። ካውንስሉ አንድ ጊዜ ተሰብስቦ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ ያጽድቅና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጅ ከዜሮ አይጀምር። ሰብሳቢው ስልጠና ሲሄዱም የሚፈርም ተወካይ በደብዳቤ ይመደብ።

ተማሪዎች ደግሞ፣ ሁለተኛው ሰንጠረዥ የኮርስ ኮድና ክሬዲት ተሞልቶበት፣ ተፈርሞና ማህተም አርፎበት ስካኑ ኢሜይላችሁ ውስጥ ሳይገባ የአውሮፕላን ትኬት አትቁረጡ። እዚያ ደርሳችሁ ኮርስ ብትቀይሩም ለውጡን በዚያው ሳምንት ላኩና ሦስቱም ወገን እንደገና ይፈርሙበት። በስልክ «ችግር የለውም» የተባለ ነገር ሬጅስትራር ጋ ዋጋ የለውም።