20 ዓመት በርሜል ውስጥ

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስኪ ሲቀመስ ያየ ሐበሻ መጀመሪያ የሚገርመው የመጠኑ ማነስ ነው። መለኪያው ሳይጋመስ ጠርሙሱ ይከደናል። ቀማሾቹ ያሸታሉ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ ያክላሉ፣ እንደገና ያሸታሉ። ከመቶ ነጥብ የሚሰጡም አሉ። አዲስ አበባ ሰርግ ላይ ቢሆን ይሄኔ ሁለተኛው ጠርሙስ ተከፍቷል።

የቀመስነው አልበርታ ፕሪሚየም የ20 ዓመቱን ነበር። ራይ ከተባለው ብርድ ቻይ እህል ብቻ የሚሠራ ውስኪ ነው። ፋብሪካው እዚሁ ከተማ፣ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ሽታው ቅርንፉድና ቀረፋ በዛ ያለበት የቤት ሻይ ነው። አፍ ሲገባ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል። ቀጥሎ ቅመሙ ይመጣል። ከዋጡት በኋላ ደግሞ የተቀመጠበት በርሜል እንጨት ምላስ ያደርቃል። ለእኔ እንጨቱ በዛ። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ቢወጣ እህሉ ይበልጥ ይሰማ ነበር እላለሁ። ይህን ስናገር ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ አየኝ። 20 ዓመት ተብሎ የተጻፈበትን ማን ደፍሮ ያማል?

በካናዳ ሕግ ውስኪ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜም ከተቀላቀሉት የታናሹ ነው። በዚህ እቀናለሁ። ይኸው ሕግ ግን ራይ ተብሎ የሚሸጠው ውስኪ ውስጥ ራይ ይኑር ብሎ አያስገድድም! ብዙው በአመዛኙ በቆሎ ነው። አገር ቤት አረቄ የምታወጣ ሴት የዳጉሳ ነው ብላ የበቆሎ ብትሰጥ፣ ደንበኞቿ እዚያው ይነግሯታል።

አንዳንድ ወገኖቻችን ውስኪውን የእውቀት፣ አረቄውን የድህነት ውጤት ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። ድፍድፉ፣ እሳቱ፣ እንፋሎቱን ማቀዝቀዙ ያው ነው። ዳግም አረቄም ሁለት ጊዜ ይወጣል። እርግጥ ፋብሪካው መጀመሪያ የሚወጣውን መጥፎ አልኮል በመሣሪያ ለክቶ ይለያል፣ የእኛዋ ሴት በምላሷና በልምዷ ነው። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ትልቁ ልዩነት ግን ከወጣ በኋላ ነው። ያኛው በርሜል ይገባል። ይሄኛው በሳምንቱ ተሽጦ ያልቃል። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ፣ የነገ ጌሾና እህል መግዣ አለ። በርሜል ውስጥ ያለ መጠጥ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ይቀንሳል። መጋዘን ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። ሳንቲም ሳያስገባ 20 ዓመት የሚጠበቅ ሸቀጥ ነው። ለዚህ አበድሮ የሚታገስ ባንክ ለእሷ የት አለ? እኛም ጠርሙሱን ስንገዛ ግማሹን የምንከፍለው ገንዘቡን አስቀምጦ መጠበቅ ለቻለ ሰው ነው።

ያገለገለ የውስኪ በርሜል እዚህ ለሁለት ተሰንጥቆ የአበባ መትከያ ሆኖ ይሸጣል። አንዱን ደብረ ብርሃን ወስዶ፣ ዳግም አረቄ ሞልቶ፣ 3 ዓመት ዘግቶ የሚያስቀምጥ ሰው ከተገኘ ለመቅመስ ተራ እይዛለሁ። ነጥቡንም ከመቶ እሰጣለሁ።