ሽቦማ ያው ሽቦ ነው

«ሽቦ ያው ሽቦ ነው፤ ዋናው እጅ ነው» ለሚሉ በያጆቻችን ዕድሜ ይስጥልን። እነሱ ባይኖሩ፣ ማሽኑ እየገፋ የሚያቀልጠው የብየዳ ሽቦ የመጣበትን ካርቶን ስናነብ ይመሽብን ነበር።

ካርቶኑ ላይ «ኢአር 70ኤስ-6» ይላል። ምን አለፋቸው! 70ው የብየዳውን ጥንካሬ ይናገራል፤ በካሬ ኢንች 70 ሺህ ፓውንድ ጉተታ ይችላል ማለት ነው። «ኤስ» ሽቦው ድፍን ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ያለችው 6 ደግሞ ቅመሙን ትነግራለች። ባለ 6ቱ ከባለ 3ቱ የበለጠ ማንጋኒዝና ሲሊከን አለው። ሁለቱ ከቀለጠው ብረት ውስጥ ኦክስጅን ይለቅማሉ። ስለዚህ ትንሽ ዝገት ባለበት ብረት ላይ ብየዳው በቀዳዳ እንዳይበሳሳ ያግዛሉ። የእኛ ሊቃውንት ግን በ6 ቦታ 3 ከተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። የስልክ ቁጥር አይደል፣ አንድ አሃዝ ቢሳሳቱ ሌላ ቤት አይደወል!

ውፍረት ላይ ያላቸው ቸርነት ደግሞ ልዩ ነው። 0.8 ሚሊ ሲያልቅ 1.2 ሚሊ ይገባል። ልዩነቱ ለዓይን እንኳን አይሞላም። የ1.2ቱ ሽቦ ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት ከ0.8ቱ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ የሒሳብ ሰዎች ጣጣ ነው።

ጫፉ ላይ የሚሆነውን ግን እንየው፤ ማስኩን አድርጉ ብቻ። በቀጭኑ ሽቦ ኤሌክትሪኩ በጠባብ መንገድ ስለሚያልፍ ጫፉ ቶሎ ይቀልጣል። አምፔሩ ከበቃውና ብየዳውን ከአየር የሚከልለው ጋዝ አርጎን ከበዛበት፣ ጠብታው ከሽቦው ውፍረት ያነሰ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይረግፋል። ስፕሬይ የሚሉት ይኼ ነው። በወፍራሙ ሽቦ ያንኑ አምፔር ስትሰጡት ጠብታው ጫፉ ላይ ያብጣል። ከሽቦው ራሱ ይወፍራል። ይንጠለጠላል፣ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ደስ ያለው ቦታ ይወድቃል። ለ1.2 ሚሊ የብረት ሽቦ ስፕሬይ የሚጀምረው አርጎን በበዛበት ጋዝ 220 አምፔር አካባቢ ነው። ወዳጃችን 150 ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አልመጣም። «ይሄ ማሽን አቅም የለውም» ይላል። እሰይ! ማሽን የተፈጠረው ለመሰደብ አይደል?

ጋዙ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነማ ደስታው ሙሉ ነው። አርኩ (በሽቦውና በብረቱ መሀል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ጠብታውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አምፔር ቢቆለልም ያ የሚፈለገው ስፕሬይ አይመጣም። ፍንጣሪው በየአቅጣጫው ይበራል። ደግ ነው። ሽቦው በኪሎ ተገዝቶ ግማሹ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ማየት የሥራ ትጋት ምልክት ነው። ደቂቃ ብየዳ፣ ሰዓት ግራይንደር። ጎረቤትም ሥራ እንዳለ ይሰማል።

ሽቦው ከጥቅሉ ሲወጣ ስለሚኖረው ጥምዝም አንድ ነገር ልበል። የተወሰነ ርዝመት ቆርጣችሁ ወለል ላይ ብትጥሉት ራሱን ይጠቀልላል። ክቡ በጣም ከጠበበ ወይም አንደኛው ጫፍ ከወለሉ ብድግ ካለ፣ ቶርቹ (ሽቦው የሚወጣበት የእጅ መያዣ) ላይም ጫፉ እየዞረ መስመር ይስታል። የመዳብ ልባሱ ከተላጠም ፍርፋሪው ላይነሩን (ሽቦው እስከ ቶርቹ የሚያልፍበትን ቱቦ) ይደፍናል፤ ሽቦው እየተቆራረጠ ይመጣል። ሊቁ ይህን ሁሉ በእጁ ያቃናዋል። ካልተቃናለት «ዛሬ መብራቱ ጥሩ አይደለም» ይላል።

ዱቄት ያለበትን ሽቦ ሳላነሳ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። እሱ እንደ ድፍኑ አይደለም፤ ቱቦ ነው። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው የሚሄደው በስስ ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ቶሎ የሚቀልጠውም ለዚህ ነው። ውስጡ ያለው ዱቄት አርኩን ያረጋጋል፤ ብየዳውን የሚሸፍነውን ዝቃጭ፣ ስላግንም ይሠራል። ሊቃውንቱ ይህን ቱቦ ለድፍን ሽቦ በተሠራው ለስላሳ ሮለር (ሽቦውን የሚገፋው ጎማ) ከተው ሲንሸራተትባቸው ቡሎኑን ያጠብቁታል። ሽቦው ጠፍጥፎ ይወጣል። ጉልበት ካለ ጥርስ ያለው ሮለር ምን ያደርጋል?

ያለ ጋዝ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቶርቹ ነጌቲቭ እንዲሆን ይፈልጋል። ድፍኑ ፖዘቲቭ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ተከፍቶ ሁለቱ ኬብሎች ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። ለዚህ መፍቻ መፈለግ፣ ከዚያ በፊትም የካርቶኑን ጀርባ ማንበብ ሊመጣ ነው። ደንበኛ ቆሞ እያየ? ነውር ነው!