ውርጭ በገንዘብ

ገና ገና ነበር። ኅዳር አላለቀም፤ ጾሙ ከገባ ሳምንት እንኳ አልሞላውም። የሽሮ ዱቄት ለመግዛት ወደ ሰፈራችን ሱፐርማርኬት ጎራ ስል በሩ ላይ አንድ ቀይ የለበሰ ሽማግሌ ቆሞ ቃጭል ያንቃጭላል። ሆዱ ላይ የወሸቀው ትራስ ወደ ጎን ሸሽቶበታል። የጥጥ ጢሙን ወደ አንገቱ ዝቅ አድርጎ ላቡን ይጠርጋል። ቀረብ ብዬ ሳየው መኪና አጣቢያችን ነው። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለኝና ሥራው ትዝ ሲለው ጢሙን ወደ ቦታው መልሶ «ሆ ሆ ሆ» አለ።

ቤተ ክርስቲያን ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጹሙ ትላለች። ሱፐርማርኬቱ በዚያው ሰሞን ቸኮሌቱን በቀይ ሪባን አስሮ በሩ ላይ ይደረድራል። እኔ በሁለቱ መካከል ሽሮዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ልጄ ከትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ታኅሣሥ 16 ቀን ገና ስለሚከበር ተማሪዎች ቀይ ኮፍያ አድርገው፣ የሚለዋወጡትን ስጦታ በወረቀት ጠቅልለው እንዲመጡ ይላል። ኮፍያው የሚሸጠው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ስልክ ደውዬ «ገና ታኅሣሥ 29 አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «እሱንም እናከብራለን» አሉኝ፤ ለእሱ የሚከፈለው ለብቻው እንደሆነም በትሕትና ገለጹልኝ። እንግዲህ በ13 ቀን ልዩነት ሁለቴ ለሚወለድ ሕፃን ሁለቴ የአራስ መጠየቂያ መክፈል የወላጅ ግዴታ ሆኗል።

ከኮፍያው ቀጥሎ ዛፉ መጣ። «የሁሉም ቤት አለ» አለች ልጄ፤ ባለቤቴም የሁሉንም ቤት እየጠራች አረጋገጠችልኝ። ፒያሳ ወርጄ አንድ የላስቲክ ጥድ ገዛሁ። ሣጥኑ በቻይና መሠራቱን ይናገራል። ቻይና ውስጥ ዪዉ የምትባል ከተማ አለች፤ የዓለም የገና ጌጥ በብዛት የሚመጣው ከእሷ ነው። ገናን የማያከብር ሰው እዚያ ተቀምጦ የላስቲክ ቅርንጫፍ ሲሰካ ይውላል። በጥድ መካከል ተወልጄ ያደግሁት የመንዝ ሰው ደግሞ የእሱን ጥድ በታክሲ አሳፍሬ፣ የአንድ ሰው ሂሳብ ከፍዬለት እቤቴ አስገባዋለሁ። (ረዳቱ «ይሄ ሰው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ቁመቱን አይቼ ተስማማሁ።)

በረዶ ግን ቀረ። ሱቁ ውስጥ በቆርቆሮ የታሸገ፣ የሚረጭ በረዶ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ጤዛ እንኳ እንደማይደርሰኝ ገባኝ። ስለዚህ ፋርማሲ ገብቼ አራት ጥቅል ጥጥ ጠየቅሁ። ልጅቱ ደንግጣ «ቁስሉ ትልቅ ነው?» አለችኝ።

«ትልቅ ነው፤ ኪስ ላይ ነው» አልኳት።

እናቴ ከመንዝ የመጣችው ጥዱ አምሮና አጊጦ፣ መብራቱ እየበራ እየጠፋ ሳለ ነው። የአባቴን ከዘራ ተመርኩዛ ከደጃፉ ቆመች። ጥዱን አየች፤ ወደ ጣሪያው ቀና አለች፤ መልሳ ጥዱን አየች።

«ምን ሆኖ ነው የነጣው?»

«በረዶ ነው፣ እማዬ። ማለቴ ጥጥ ነው፤ ግን በረዶ ነው።»

በመንዝ ታኅሣሥ ሲመጣ ሰው ማታ ማታ ሰማዩን እየቃኘ የሚያድረው ለከዋክብቱ ውበት አይደለም፤ ጥርት ካለ ውርጭ ይወርዳል ብሎ ነው። ውርጭ የመታው ባቄላ ጠዋት እሳት የለበለበው መስሎ ይገኛል። እናቴ ዓምና ባቄላዋን እንዲሁ አጥታለች። «እንግዲህ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እኔ እግዚኦ ብዬ የማባርረውን ውርጭ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ቤትህ አስገባኸው።»

መልስ አጣሁ። በማግስቱ ከእሷ ጋር ወደ ሾላ ገበያ ስንሄድ ደግሞ ያንን ቀይ ሽማግሌ በሱፐርማርኬቱ በር ላይ አየችው።

«እሱ ማን ነው?»

«የገና አባት ይሉታል።»

ቀጥ ብላ ቆመች። «ልጁ የተወለደው ያለ አባት ከእናት ብቻ ነው ብለው ነው ያስተማሩን። ይህ ከየት የመጣ አባት ነው?»

መነሻው ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ ሜራ በተባለች ከተማ የነበሩ ኒቆላዎስ የሚባሉ ጳጳስ ናቸው፤ ለድሆች በስውር ይመጸውቱ ነበር ይባላል፤ ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። በስውር የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ መኪና አጣቢያችን ቃጭሉን በጆሯችን ሥር አንቃጨለ።

እናቴን ግን ከገበያ የራቀች የዋህ አድርጌ እንዳላቀርባት እፈራለሁ። ሾላ ስንደርስ አንድ ዶሮ ለመግዛት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀች። የዶሮዋን ደረት ዳበሰች፣ ክንፏን ገልጣ አየች፣ በእጇ መዘነች፤ ሦስት ጊዜ ጥላ ሄደች፤ ሦስቴም ተጠርታ ተመለሰች። ሻጩ «እናቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ሲል «ይደጉልህ» ብላ ዋጋውን እዚያው ላይ ተወችው። ስለዚህ ድሮ ገና ንጹሕ ነበር፣ ዛሬ ነጋዴ አረከሰው የሚሉኝ ሰዎች ሾላን አያውቁም። ገናም ሆነ ፋሲካ ያለ ገበያ ውለው አያውቁም። ልዩነቱ፣ ዶሮዋ 12 ብልት ወጥቶላት እንግዳ ጎረቤቱ ይቀምሳታል፤ እኔ የገዛሁት ጥድ ግን እስከ ዛሬ ያገለገለው ለአንድ ነገር ነው፤ ልጄን ከፊቱ አቁመን ፎቶግራፍ ለማንሳት። ፎቶግራፉንም ጥድ ላላቸው ሰዎች ላክነው።

በልጅነቴ ገና የሚጠይቀኝ ወጪ አንድ ቆልማማ ዱላ ነበር፤ እሱንም ከጫካ ቆርጬ በእሳት ለብልቤ አጎብጠዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሩር ስናሳድድ እንውላለን። ሹም ይሁን ባላባት፣ ሜዳ ከገባ ቅልጥሙን ቢመቱትም ዝም ነው፤ በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ። አሁን ዱላውን የያዘው ሱቁ ነው። ሩሯ እኔ ነኝ፤ ሩር ደግሞ መቆጣት ቀርቶ መናገርም አልተፈቀደላትም።

ዋዜማው ላይ ስልኬ ያለማቋረጥ ሲንጫጫ አመሸ። ዘመድ መስሎኝ ሳየው ባንኩ፣ ኢንሹራንሱና የቤት ዕቃ መደብሩ ናቸው። «እንኳን አደረሰዎ» ይላሉ፤ ከሥሩ ወለድ፣ ቅናሽ፣ ጉርሻ። ሌሊቱን ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ እናቴ አላረፈችም፤ ዓይኗ ከጥጡ ላይ ነበር። ልጄ ስትነቃ ጥዱ ተላጭቷል፤ አያቷ ከሥሩ ተቀምጣ፣ በረዶውን አመልማሎ አድርጋ፣ እንዝርት እያሾረች ታገኛታለች።

«ጥጡ ሕይወት የለውም» አለችኝ እናቴ። «እየተበጣጠሰ አስቸገረኝ። የሐኪም ቤት ጥጥ እንዲህ ነው፣ አልጋ ላይ የቆየ።»

ልጄ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «እምዬ፣ ከዚህ ምን ይሠራል?» አለቻት። እናቴ ዶሮው ከታጠበበት የተረፈ አንድ ሎሚ አነሳች፤ በጥጡ ጠቅልላ፣ ከመንዝ ይዛው በመጣችው ደህና ክር አጥብቃ ገመደችው። ከዘራውን ገልብጣ ለልጄ ሰጠቻት። የጎረቤት ልጆች ቀይ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ መጥረጊያና ጃንጥላ ይዘው መጡ።

ሦስተኛው ምት ላይ ሎሚዋ ተነሥታ የአከራያችንን በረንዳ አገኘች። አከራያችን የገና መብራቱን ቀንም አያጠፋውም፤ ከዚህ እስከ አጥሩ ድረስ ያብለጨልጨዋል። አንዷ አምፖል ስትሰበር ሁሉም አብረው ድርግም አሉ። ሰውዬው በነጠላ ወጣ። ልጆቹ ጸጥ አሉ።

እናቴ ከደጃፍ ሆና በዜማ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ!» አለች።

አከራያችን ፈገግ ብሎ እጅ ነሣት። «ኧረ እኔ መች ተቆጣሁ፣ እማማ! እንኳን አደረሰዎ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከጥር ኪራይ ጋር ደምረህ ታስገባልኛለህ።»