የምሁር ፖለቲከኛ ወረቀት የበርበሬ መጠቅለያ አይሁን

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ ፖለቲካ ሳይንስ ሲያስተምር ኖሮ ፓርቲም የመራ ሰው ሲያርፍ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ቤተሰቡ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይዞ ይቀራል። የትምህርት ማስታወሻ፣ የፈተና ረቂቅ፣ ቃለ ጉባኤ፣ መግለጫ፣ ከእስር ቤት የተላከ ደብዳቤ። መጽሐፍ ቢሆን የሚወስድ አይጠፋም። ይህን ግን ማን ይረከበዋል? ምስጥ ካልቀደመው በኪሎ ይሸጥና የበርበሬና የለውዝ መጠቅለያ ይሆናል። ድሬዳዋና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለውን ስብስብ ከነፖለቲካው ሊረከቡ ይገባል ባይ ነኝ።

ከነፖለቲካው የምለው አስቤበት ነው። የትምህርቱን መርጦ የፓርቲውን መተው ይቀናል፤ ጣጣ የለውምና። ዶክተር መረራ ጉዲናን እንውሰድ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ሳይንስ እያስተማሩ ፓርቲ መርተዋል፤ በ1997 ምርጫ ፓርላማ ገብተዋል፤ ከ2009 እስከ 2010 ታስረዋል። እንዲህ ያለ ሕይወት የኖረ ሰው ስለ ምርጫ ለተማሪ ያስተማረውና እጩ ሆኖ የተናገረው ጎን ለጎን ካልተነበበ፣ ዕውቀቱ ፖለቲካውን አቅንቶት ይሁን ፖለቲካው ዕውቀቱን አጣሞት በምን ይታወቃል? ደግሞም የንግግር ረቂቅ በፈተና ወረቀት ጀርባ ይጻፋል። የትኛው ገጽ ተመርጦ የትኛው ይጣላል?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ውድሮው ዊልሰን የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ነበር። ወረቀቶቹ በ69 ቅጾች ታትመዋል። የክፍል ማስታወሻው፣ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ በስቴኖግራፊ (በፍጥነት ለመጻፍ በሚያገለግል የምልክት ጽሕፈት) የከተበው ረቂቅ ሳይቀር ተፈትቶ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በዘረኛ አቋሙ የተነሳ ስሙን በስሙ ይጠራ ከነበረው የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤቱ ላይ አንስቷል። ወረቀቱ ግን አሁንም ለተመራማሪ ክፍት ነው። «ለፖለቲከኛ ሐውልት ልናቆም ነው ወይ?» ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው። የሚያመሰግነውም የሚወቅሰውም ማስረጃ የሚያገኘው ከዚያው ሳጥን ነው።

የቤተሰቡ ስጋት ግን እውነተኛ ስለሆነ ላቃልለው አልፈልግም። በ1969 በደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ስንቱ ቤተሰብ መጽሐፉንና በራሪ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ማገደ፣ ሽንት ቤት ጣለ! የተሰብሳቢዎች ስምና ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ዛሬም ሰው ላይ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ርክክቡ በጽሑፍ ውል ይሁን፤ ቤተሰቡ የመረጠው ሳጥን ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ይታሸግ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም የሰፈረበት ባለስሙ ሳይፈቅድ አይከፈት።

«አዲስ አበባ ይላክ» የሚሉም አሉ። ነገር ግን የእጅ ጽሑፉን ለይቶ የሚያነበው፣ ፎቶው ላይ ከጎኑ የቆመው ማን እንደሆነ የሚነግረን ተማሪውና ጎረቤቱ እዚህ ነው ያለው። ሐረር ጀጎል ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ ጥንታዊ ጽሑፎችን ከየቤቱ አሰባስበው፣ የተገነጠለውን እየጠገኑና እየጠረዙ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሙዚየም አኑረዋል። ብዙ ቤተሰብ ያለውን አምኖ ሰጥቷቸዋል። አንድ ግለሰብ ይህን ከሠራ፣ በጀትና ባለሙያ ያለው ተቋም ምን ያግደዋል?

ድሬዳዋ ላይ ወረቀቱ የሚቀመጥበት ክፍል ከደቻቱ ወንዝ ዳር የራቀ ይሁን። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሰውን ከነቤቱና ከነንብረቱ እንደጠረገ የድሬ ሰው አይረሳውም። ዩኒቨርሲቲዎቹም ካርቶኑ ተጭኖ እስኪመጣላቸው አይጠብቁ፤ አርባው ከወጣ በኋላ የእድሩን ወይም የአፎቻውን (የሐረሪዎችን መረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌ ይዘው ቤቱ ድረስ ይሂዱ።